ስክሪኑ ላይ ያለችው ምድር ለምን ከፀሐይ ትሸሻለች? የፕላኔቶችን ምህዋርና ስበትን በሲሙሌሽን ስለመፈተን

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)





የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከሌሎች የፊዚክስ ባለሙያዎች የሚለይበት አንድ ችግር አለው። ሰማዩን ይመለከታል እንጂ አይነካውም። የኬሚስትሪ ባለሙያ ሁለት ፈሳሾችን ቀላቅሎ የሚሆነውን ያያል፤ እኛ ግን ጁፒተርን ከቦታዋ አንሥተን ምን እንደሚፈጠር ልናይ አንችልም። ኮምፒውተር ይህን ገደብ በከፊል አንሥቶልናል። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ በላፕቶፑ ላይ ፀሐይን ሊያከብዳት፣ ጨረቃን ሊያርቃት፣ የስበትን ሕግ ራሱን ሊለውጠው ይችላል። ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ የተባለው ፕሮግራም ይህን ሁሉ በሚያምር ሥዕል ያሳያል፤ ሪባውንድ የተባለው ደግሞ ተመራማሪዎች ለሳይንሳዊ ሥራ የሚጠቀሙበትና ማንም በነፃ ሊያገኘው የሚችል ነው። ሁለቱም ባይኖሩ በፓይተን ሃያና ሠላሳ መስመር ጽፎ የራስን ትንሽ ሥርዓተ ፀሐይ ማቆም ይቻላል። እኔ ለተማሪዎች የምመክረው ይህንኑ ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ምክንያቱን በንግግሬ መካከል ታገኙታላችሁ።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ሲሆን ባየን ጊዜ፣ ያየነው የሰማዩን ጠባይ ነው ወይስ የፕሮግራማችንን? ጥያቄው የተማሪ ብቻ አይደለም። ሥርዓተ ፀሐያችን ወደፊት ጸንቶ ይቆያል ወይስ ይፈርሳል የሚለው ክርክር በሙሉ የቆመው በሲሙሌሽን ላይ ነውና፣ የምናምነውንና የማናምነውን የምንለይበት መስፈርት ያስፈልገናል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሰማዩን በመተንበይና ሰማዩን በመፈተን መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። የባሕረ ሐሳብ ስሌት 19 ዓመት በሚፈጀው ንዑስ ቀመር ላይ እንደሚቆም ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የስሌቱ ምሥጢር 235 የጨረቃ ወራት ከ19 ዓመታት ጋር እጅግ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። 19 ዓመት እያንዳንዱ 365.25 ቀን ቢሆን 6939.75 ቀን ይሆናል፤ 235 የጨረቃ ወራት ደግሞ 6939.69 ቀን ናቸው። ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ለመሆን ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አበቅቴና መጥቅዕን በቃሉ የሚያወጣ ሊቅ ያለ ኮምፒውተርና ያለ መነጽር የጨረቃን ዕድሜ ይነግራችኋል። ይህን የመሰለ ስሌት አቅልሎ ማየት አይገባም።

ነገር ግን ይህንኑ ስሌት «ጨረቃ ከምድር ሁለት እጥፍ ብትርቅስ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የለውም። የሆነውን ዑደት ያውቃል እንጂ ዑደቱን ያመጣውን ምክንያት አልያዘም። የስበትን ሕግ የያዘ ሰው ግን ይመልሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አሁን 27.3 ቀን የሚፈጀው የጨረቃ ዙር ወደ 77 ቀን ያድጋል። «ቢሆንስ» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ሕጉን በያዘ ስሌት ብቻ ነው። ሲሙሌሽን የምንለውም ይህንን ነው።

ታዲያ ሕጉ በእጃችን ካለ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ የስበት ሕግ ፕላኔቷ ነገ የት እንደምትሆን አለመናገሩ ነው። የሚናገረው አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ፍጥነቷ በምን አቅጣጫና በምን ያህል እንደሚለወጥ ብቻ ነው። አካላቱ ሁለት ብቻ ከሆኑ ኒውተን መንገዱን በሙሉ በአንድ ቀመር አስቀምጦታል፤ ሞላላ፣ ፓራቦላ ወይም ሃይፐርቦላ ነው። ሦስት ሲሆኑ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይና ጠቃሚ ቀመር የለም። ስለዚህ ጊዜን በትናንሽ እርምጃዎች ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ስበቱን አስልቶ፣ አካላቱን ጥቂት አራምዶ፣ እንደገና ማስላት ግዴታ ይሆናል።

ይህ ሥራ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። በ1757 እና 1758 በፓሪስ አሌክሲ ክሌሮ፣ ዤሮም ላላንድና ኒኮል-ሬን ለፖት የተባሉ ሦስት ሰዎች የሃሌይ ጅራታም ኮከብ መቼ እንደሚመለስ ለማወቅ ጁፒተርና ሳተርን በመንገዱ ላይ የሚያሳድሩትን ስበት እርምጃ በእርምጃ ሲያሰሉ ወራት ፈጀባቸው። ሁለቱ ፕላኔቶች ኮከቡን 618 ቀን እንደሚያዘገዩት አገኙ፤ 518ቱ በጁፒተር፣ 100ው በሳተርን ምክንያት ነው። ለፀሐይ የሚቀርበው በ1759 ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ነው፣ አንድ ወር ሊሳሳት ይችላል ብለው አስታወቁ። ኮከቡ በማርች 13 ደረሰ፤ ስሕተቱ ካስቀመጡት ገደብ አልወጣም። በዚያን ጊዜ ዩራነስና ኔፕቱን ጨርሶ አይታወቁም ነበር። የእመቤት ለፖትን ድርሻ ክሌሮ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ሳይጠቅሰው ቀረ፤ ያለ እርሷ ሥራው ሊደፈር እንደማይችል የመሰከረላት ላላንድ ነው። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ግን ሦስቱ ሰዎች ውጤታቸውን ከነስሕተቱ ገደብ አብረው ማቅረባቸው ነው። ዛሬ ባማረ ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ሌላም ሰው ልጥቀስ፤ ታሪኩ ስለሚያስደንቀኝ ነው። በ1941 ስዊድናዊው ኤሪክ ሆልምበርግ ሁለት ጋላክሲዎች ተጠጋግተው ሲያልፉ ምን እንደሚሆኑ ማወቅ ፈለገ። ኮምፒውተር አልነበረውም። ይሁንና የብርሃን ድምቀት ከርቀት ጋር የሚቀንስበት ሕግ ከስበት ሕግ ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አንድ አራተኛ ይሆናሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጋላክሲ 37 አምፖሎች፣ በጠቅላላው 74 አምፖሎች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ በእያንዳንዱ አምፖል ቦታ የሚደርሰውን ብርሃን በፎቶሴል ለካ፤ ያንን እንደ ስበት ቆጥሮ አምፖሎቹን ጥቂት አንቀሳቀሰ፤ እንደገና ለካ። አምፖሎቹ ስበትን ይደምሩለታል፤ እርምጃውን ግን እርሱ ነው የሚወስነው። የዛሬው ፕሮግራምም ሥራው በዚሁ መልክ የተከፈለ ነው። ስበቱን ማስላት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጣጣው ያለው በእርምጃው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፀሐይንና ምድርን ብቻ እንውሰድ። የምድርን ምህዋር ክብ አድርገን፣ ርቀቷን 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቷን በሰከንድ 29.8 ኪሎ ሜትር አድርገን እንጀምር። የጊዜ እርምጃችን አንድ ቀን ይሁን። ማንኛውም ጀማሪ የሚጽፈው ፕሮግራም የኦይለር ዘዴ የሚባለውን ነው። አሁን ያለውን ቦታ፣ ፍጥነትና ስበት ያያል፤ ቦታውን በአሁኑ ፍጥነት ያራምዳል፤ ፍጥነቱን በአሁኑ ስበት ይለውጣል፤ ይደግማል። ለአእምሮ የቀለለ፣ ስሕተት የሌለበት የሚመስል ዘዴ ነው።

ፕሮግራሙን ብታስኬዱት ምድር ክብ አትዞርም። በዝግታ፣ ያለ አንዳች መንገጫገጭ፣ እየሰፋ በሚሄድ ጥምዝምዝ መስመር ከፀሐይ ትሸሻለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ርቀቷ በ18 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም ወደ 27 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። አራተኛ ዓመቷን ሳትጨርስ የማርስን አማካይ ርቀት ታልፋለች። በአሥር ዓመት ከፀሐይ ያላት ርቀት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ለምን? ምድር በአንድ ቀን 2.57 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ፕሮግራሙ ይህን መንገድ በቀጥታ መስመር ያስኬዳታል። ክብን በአንድ ነጥብ የነካ ቀጥታ መስመር ደግሞ ምን ጊዜም ወደ ክቡ ውጭ ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። እውነተኛዋ ምድር በዚያው ቀን ከቀጥታው መስመር 22 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፀሐይ ታጎነብሳለች፤ የፕሮግራሙ ምድር ግን ይህንን መጎንበስ አታውቀውም። ፍጥነቷም እንዲሁ ነው፤ ስበቱ የሚታከለው ከፍጥነቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ስለሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ የፍጥነቷ መጠን ከሚገባው በላይ በጥቂቱ ያድጋል። ስሕተቶቹ አንዱ ሌላውን አያጠፋም፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይደመራሉ። ከየትም ያልመጣ ኢነርጂ በየቀኑ ይጨመርላታል ማለት ነው።

ይህን በወረቀት ላይ መሥራት ለሚፈልግ ተማሪ ውጤቱ የሚያስደስት ነው። በዚህ ዘዴ የምድር ርቀት ኩብ ከጊዜ ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል። የመጀመሪያውን ርቀት 1 ካልነው፣ በአንድ ቀን እርምጃ የርቀቱ ኩብ በየዓመቱ በ0.648 ይጨምራል። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ሁሉ ከዚህች አንዲት መስመር የወጡ ናቸው።

«እንግዲያው እርምጃውን እናሳንሰው» የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። የአንድ ቀኑን እርምጃ ወደ አንድ ሰዓት እናውርደው። የመጀመሪያው ዓመት ስሕተት ከ18 በመቶ ወደ 0.9 በመቶ ይወርዳል፤ ሥዕሉ ፍጹም ክብ ይመስላል። ነገር ግን 94 ዓመት ገደማ ሲሆን ምድር የማርስን ርቀት ታልፋለች። ሃያ አራት ጊዜ ያነሰ እርምጃ ሃያ አራት ጊዜ የረዘመ ዕድሜ ገዛላት እንጂ ከመሸሽ አላዳናትም። ስለ ቢሊዮን ዓመታት ለመናገር ለሚፈልግ ሰው ይህ መንገድ የተዘጋ ነው።

የሚያስፈራው ስሕተቱ መኖሩ ሳይሆን ማማሩ ነው። ፕላኔቷ ብትንቀጠቀጥ ወይም ከስክሪኑ ብትጠፋ ፕሮግራሙን እንጠረጥር ነበር። ይህ ጥምዝምዝ ግን የተፈጥሮ ሕግ የሚያስከትለው ዓይነት ነው፤ ብልህ ተማሪ ምክንያት ሊያገኝለትም ይችላል። «ፀሐይ እያበራች መጠነ ቁሷን ስለምታጣ ምድር ትርቃለች» ቢል ክስተቱ እውነት አለ። ፀሐይ በብርሃን ብቻ በሰከንድ 4 ሚሊዮን ቶን ያህል ታጣለች፤ ምድርም በዚህ ሰበብ ትርቃለች። ግን በዓመት የምትርቀው ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እውነተኛ ምክንያት ለሐሰተኛ ውጤት ማብራሪያ ሆኖ ሲቀርብ ከዚያ የከፋ መታለል የለም። የሚለያቸው መጠኑ ነው፤ መጠኑን ለማወቅ ደግሞ ቁጥሩን መመልከት እንጂ ሥዕሉን ማድነቅ አይጠቅምም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? በጣም ትንሽ ነገር ነው። የፕሮግራሙን ሁለት መስመሮች ቅደም ተከተል መለወጥ። ፍጥነቱን አስቀድማችሁ አድሱ፤ ከዚያ ቦታውን በአሮጌው ሳይሆን በታደሰው ፍጥነት አራምዱ። የስሌቱ ብዛት አልጨመረም፤ እርምጃው ያው የአንድ ቀን እርምጃ ነው። ምድር ግን አትሸሽም። ኢነርጂዋ በጠባብ ወሰን ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ይቆያል እንጂ በአንድ አቅጣጫ አይሰደድም። አንጉላር ሞመንተሟም በፍጹም አይለወጥም። ይህንኑ ሐሳብ አንድ ደረጃ አሻሽሎ፣ ፍጥነትና ቦታ በግማሽ እርምጃ ተፈራርቀው እንዲሄዱ የሚያደርገው ዘዴ ሊፕፍሮግ ይባላል፤ አብዛኛው የምህዋር ሲሙሌሽን የተመሠረተው በዚህና በዘመዶቹ ላይ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ዘዴ አዲስ አለመሆኑ ነው። ኒውተን በ1687 ባሳተመው ፕሪንኪፒያ የመጀመሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ፕሮፖዚሽን ላይ፣ ፕላኔት በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት እንደምትጠርግ ያረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነው። ፕላኔቷ በቀጥታ መስመር ትሄዳለች፤ በእኩል የጊዜ ልዩነት ወደ ማዕከሉ አንድ ምት ይሰጣታል፤ በአዲሱ ፍጥነት እንደገና በቀጥታ መስመር ትቀጥላለች። ከዚያ የምቶቹን ልዩነት ወደ ዜሮ ያወርዳል። ኒውተን ሳያሳንሰው በፊት እንኳ የስፋቱ ሕግ በትክክል ይሠራል። ስለዚህ ይህ ዘዴ የሚሳካለት በዕድል አይደለም፤ የተፈጥሮን አንድ ሕግ በእርምጃው ቅርጽ ውስጥ ስለያዘ ነው። የራሳችሁን ፕሮግራም ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። ይህን ሁለት መስመር በእጁ ያልለዋወጠ ሰው፣ ያማረ ፕሮግራም ከፍቶ ፕላኔት ቢያንቀሳቅስ ከበስተጀርባ ምን ውሳኔ እንደተወሰነለት አያውቅም።

ከዚህ በመነሣት «ኢነርጂው ከተጠበቀ ሲሙሌሽኑ ትክክል ነው» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። ሊፕፍሮግ የምህዋሩን ቅርጽ ቢጠብቅም ፕላኔቷ በምህዋሩ ላይ የምትደርስበትን ሰዓት ቀስ በቀስ ያዛባል። ኢነርጂዋ ደህና ሆኖ ሳለ ከመቶ ዓመታት በኋላ ከእውነተኛ ቦታዋ የራቀች ልትሆን ትችላለች። ግርዶሽ ለመተንበይ ለሚፈልግ ሰው ይህ ውድቀት ነው፤ ምህዋሩ ጸንቶ ይኖራል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ግን ችግር አይደለም። ሩንጌ-ኩታ የተባለው ዘዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ በአጭር ጊዜ ቦታውን በጣም በትክክል ይነግራችኋል፤ በረጅም ጊዜ ግን ኢነርጂው በዝግታ ይንሸራተታል። የትኛው ይሻላል የሚለው የሚወሰነው በጥያቄያችሁ ነው።

ሁለት አካላት እጅግ ሲቀራረቡ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ስበት ርቀት ሲያንስ በፍጥነት ይበረታል። አንዲት ትንሽ አካል በጁፒተር አጠገብ ስታልፍ እርምጃችሁ አንድ ቀን ከሆነ፣ በአንድ እርምጃ ውስጥ ግዙፍ ምት ይሰጣትና በሚቀጥለው እርምጃ ጁፒተርን አልፋ ርቃ ትገኛለች፤ የሚያቀዘቅዛት ስበት ሳያገኛት ቀረ። በስክሪኑ ላይ ከሥርዓተ ፀሐይ ተወርውራ ስትወጣ ታያላችሁ። እንዳትጥሉት ደግሞ እንዲህ ያለ መወርወር በተፈጥሮ አለ፤ ቮዬጀር 2 በ1979 በጁፒተር አጠገብ ባለፈች ጊዜ ፍጥነት ያገኘችው በዚሁ መንገድ ነው። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የምትለዩት እርምጃውን ግማሽ አድርጋችሁ እንደገና በማስኬድ ነው። ውጤቱ ከተለወጠ ያያችሁት የፕሮግራሙን ጠባይ ነው። ሌላው ፈተና ጊዜን ወደኋላ ማስኬድ ነው፤ የሁሉንም አካላት ፍጥነት ገልብጣችሁ ብታስኬዱ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ ወይ?

እነዚህን ፈተናዎች ያለፈ ፕሮግራም ሲኖራችሁ ነው ሰማዩን መፈተን የምትጀምሩት። ከተለመዱት አንዱ የፀሐይን መጠነ ቁስ በድንገት መቀነስ ነው። ብዙ ሰው ፀሐይ ትንሽ ብትቀል ፕላኔቶች ወዲያው የሚበተኑ ይመስለዋል። ክብ ምህዋር ያላት ፕላኔት የምታመልጠው ግን ፀሐይ በድንገት ግማሿን ያጣች እንደሆነ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ምህዋሯ ይሞላል እንጂ አትሄድም። ያንኑ ግማሽ በሚሊዮን ዓመታት በዝግታ ካጣች ደግሞ ፕላኔቷ አታመልጥም፤ ምህዋሯ ክብ እንደሆነ ቀስ ብሎ እጥፍ ይሰፋል። የጠፋው መጠን አንድ ሆኖ ሳለ ዕጣ ፈንታው የሚለያየው በፍጥነቱ ነው። ፀሐይን በእኩል መጠነ ቁስ ጥቁር ጉድጓድ መተካትም ጥሩ ሙከራ ነው፤ ምህዋሮቹ ላይ ምንም አይሆንም።

ከሁሉ የበለጠ የምወደው ሙከራ ግን ሕጉን ራሱን መንካት ነው። በስበት ሕግ ርቀቱ ያለበት አርቢ ቁጥር 2 ነው። እርሱን 2.1 አድርጉት። ሞላላው ምህዋር መዘጋቱን ይተዋል፤ ፕላኔቷ ለፀሐይ የምትቀርብበት ነጥብ በእያንዳንዱ ዙር 19.5 ዲግሪ ያህል ወደፊት ይሄዳል፤ መንገዷ እንደ አበባ ቅጠል ይደራረባል። ወደ 3 ብታደርሱት የተረጋጋ ክብ ምህዋር ፈጽሞ አይኖርም፤ ጥቂት የተነካች ፕላኔት ወይ ወደ ፀሐይ ትወድቃለች ወይ ታመልጣለች።

ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን አንድ ታላቅ ተመራማሪ በቁም ነገር ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሜርኩሪ ለፀሐይ የምትቀርብበት ነጥብ የሌሎቹ ፕላኔቶች ስበት ሁሉ ከተቆጠረ በኋላ በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ያህል ትርፍ እንደሚጓዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታውቆ ነበር። የማርስን ሁለት ጨረቃዎች በ1877 ያገኘው አሜሪካዊው አሳፍ ሆል፣ በ1894 አርቢው 2 መሆኑ ቀርቶ 2.00000016 ቢሆን ይህ ትርፍ በትክክል እንደሚገኝ አሳየ። አሁን በፕሮግራማችሁ ብትሞክሩት ቁጥሩ ይሰምራል። ሆኖም ያው የተለወጠ ሕግ በጨረቃ ላይ ሲሞከር፣ ጨረቃ ለምድር የምትቀርብበት ነጥብ ከሚታየው በተለየ መንገድ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። ሐሳቡ ወደቀ። እንዲህ ያለውን ማስተካከያ ዛሬም በየሲሙሌሽኑ አየዋለሁ፤ አንድ ቁጥር ተነክቶ አንድ ፕላኔት ይሰምራል፤ ሌላው አካል ሳይጠየቅ ይቀራል። የ43ቱን ሰከንድ ምንጭ አርቢውን ሳይነካካ ያገኘው በ1915 አንስታይን ነው።

በመጨረሻ ወደ ረጅሙ ጊዜ ልለፍ። ፕሮግራማችን ጥሩ፣ ሕጋችን ትክክል ቢሆን እንኳ የሥርዓተ ፀሐይን የወደፊት ዕጣ ማወቅ እንችላለን? ፑዋንካሬ በ1890 ባሳተመው ጥናት በሦስት አካላት እንቅስቃሴ ውስጥ ሥርዓት የለሽ የሚመስል መንገድ እንዳለ አመለከተ። በ1988 ሰስማንና ዊዝደም ለዚሁ ብቻ በተሠራ ኮምፒውተር የውጨኛ ፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ለ845 ሚሊዮን ዓመት አስልተው የፕሉቶ ምህዋር ኬዮስ የሚባለው ጠባይ እንዳለው አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ፈረንሳዊው ዣክ ላስካር የውስጠኞቹ ፕላኔቶች እኛንም ጨምሮ እንዲሁ መሆናቸውን አረጋገጡ። ትርጉሙን በቁጥር ላስቀምጠው። የምድርን የዛሬ ቦታ በ15 ሜትር ብንሳሳት፣ ስሕተቱ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በኋላ 150 ሜትር ይሆናል፤ ይህ ምንም አይደለም። ከ100 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም ምድር ከፀሐይ ያላትን ርቀት ያህል ነው። ይህን ስሕተት ፈጣን ኮምፒውተር አያስተካክለውም።

ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ ነበረበት። ላስካርና ሚካኤል ጋስቲኖ በ2009 አንድ ሲሙሌሽን ሳይሆን 2501 ሲሙሌሽኖችን ለ5 ቢሊዮን ዓመት አስኬዱ። በተከታታይ ሙከራዎች መካከል የነበረው ልዩነት በሜርኩሪ ምህዋር ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከሁሉም 1 በመቶ በሚሆኑት የሜርኩሪ ምህዋር እጅግ ሞላላ እየሆነ ሄደ፤ በጥቂቶቹ ከቬነስ ወይም ከፀሐይ ጋር ተጋጨች፤ በአንዱ ደግሞ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በኋላ የውስጠኞቹ ፕላኔቶች ሥርዓት በሙሉ ተናግቶ ማርስ ወይም ቬነስ ከምድር ጋር ሊጋጩ የሚችሉበት መንገድ ታየ። እነዚህ ሙከራዎች ስለ አንዲቱ እውነተኛ ሜርኩሪ ትንቢት አይደሉም። ዛሬ በምናውቀው ልክ አንዱ ከሌላው የማይለዩ 2501 ሜርኩሪዎች ምን እንደሚገጥማቸው ቆጠራ ናቸው። ጋዜጦች «ምድር ከማርስ ልትጋጭ ነው» ብለው ሲጽፉ አንዱን መንገድ ብቻ መዝዘው ነው።

ከዚሁ ጥናት ብዙ የማይነገርለት አንድ ውጤት አለ። ተመራማሪዎቹ የአንስታይንን እርማት አውጥተው፣ ኒውተንን ብቻ ይዘው ሙከራውን በአነስተኛ ቁጥር ደገሙት። ያን ጊዜ ሜርኩሪ የምትናጋባቸው ሙከራዎች ከ1 በመቶ ተነሥተው ከግማሽ በላይ ሆኑ። ምክንያቱ የሚገባ ነው። የሜርኩሪ ምህዋር አቅጣጫውን የሚለውጥበት ፍጥነት ከጁፒተር ጋር ከተስማማ፣ ጁፒተር እያንዳንዱን ግፊት በትክክለኛው ሰዓት እየሰጠች ምህዋሯን ታሞላዋለች፤ ዥዋዥዌን በየዙሩ እንደመግፋት ነው። ያቺ በመቶ ዓመት 43 ሰከንድ የሆነች ትርፍ ሁለቱን ፍጥነቶች አራርቃ ታቆያቸዋለች። የኒውተን ብቻው ሲሙሌሽን ኢነርጂውን ይጠብቃል፤ እርምጃው ሲከፈል አይለወጥም፤ ወደኋላ ሲሄድ ይመለሳል፤ እስካሁን የዘረዘርኳቸውን ፈተናዎች በሙሉ ያልፋል፤ ስለ ሜርኩሪ ግን የሚነግረን ሌላ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ላቁምና ጊዜውን ለጥያቄዎቻችሁ ልተው።